መስኮቴ ሥር የቆመው ተሳቢ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ውድ ልጄ፣ የኔ ሆድ፣

እንደምን ከረምሽ? ሳልሽ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ዓይኔም ሳያጉረመርሙ እያገለገሉኝ ነው። ባለፈው ስትደውዪ «ቤቱን ዘግተሽ እኔ ጋ ነይና አብረን እንኑር» ብለሽኝ «አስብበታለሁ» ብዬሽ ነበር። አስቤበታለሁ። መልሱን ግን በስልክ አልነግርሽም፤ ድምፄን ትሰሚና ሌላ ሌላ ነገር ትጠይቂኛለሽ። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ወሬ አያቋርጥም።

መጀመሪያ የመኪናውን ነገር ልጨርስልሽ።

ያ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና እንዴት እንዳንገበገበኝ ታውቂያለሽ። ሹፌሩ ፊት ለፊታችን ካለው ቤት አንድ ክፍል ከተከራየ ወዲህ፣ ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ያንን ተራራ አምጥቶ መስኮቴ ሥር ይገትረዋል። ሸራው ከጣሪያችን ጋር እኩል ነው። በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቼ እሰፋ ነበር። የባለሱቁን ጥቁር ሱሪ በሰማያዊ ክር ሰፍቼ የሰጠሁት በዚያ ሰሞን ነው። ሰውየው ለብሶት ሲዞር ውሎ ሚስቱ ናት ያየችበት።

እኔ ብቻም አልነበርኩም። የቆሻሻ መኪና ሰፈራችን መግባት ተወ። የመምህሩ ባለቤት የታመሙ ጊዜ አምቡላንሱ መታጠፊያው ላይ ቀረና በቃሬዛ ተሸክመን አወጣናቸው። አሁን ድነዋል፤ ከኔ ይልቅ እሳቸው ይፈጥናሉ። ጠዋት ሞተሩን ሲያሞቅ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ያወራሉ።

አንድ ቀን ወጣሁና ያዝኩት።

«ወንድሜ፣ ይህን ነገር ሌላ ቦታ ማቆም አይችሉም?»

«የት ላቁመው እመቤቴ? ዋናው መንገድ ዳር ባቆመው ሲነጋ ነዳጁ ተቀድቶ፣ ጎማው ተፈቶ ነው የማገኘው። ከአልጋዬ ሆኜ ካላየሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«እኔ ደግሞ መርፌዬን ካላየሁ ጦሜን ነው የማድረው።»

«እውነትዎን ነው» አለና ሄደ። መኪናው እዚያው። «እውነትዎን ነው» የሚል ሰው እንዴት እንደሚያናድድ! የምትጣይበት ነገር እንኳ አያስተርፍልሽም።

ስለዚህ መምህሩ ግቢ ተሰበሰብን። ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። መኪናው ወሩ ሳያልቅ ከመንገዱ ካልተነሳ አከራዩ ሹፌሩን ቤት እንዲያስለቅቀው ተወሰነ፤ አከራዩም እሺ አለ። ራዲዮ «አንቺስ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ» አለችኝ። አንቺ ያወጣሽላት ቅጽል እንደጸደቀ ነው፤ የጎረቤታችንን እውነተኛ ስም የሚያስታውስ ሰው ያለም አይመስለኝ። ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ መስኮቱን ስከፍት ብርሃን ገባ። ሙሉ አይደለም፣ ግማሽ። መኪናውን ወደ ፊት አስጠግቶት ኖሯል።

«ምነው ግማሽ?» አልኩት።

«ከዚህ ካለፍኩ የመምህሩ በር ይዘጋል። በቀን መብራት ሲያበሩ ከክፍሌ አይዎታለሁ። ያሳፍረኛል።»

በሩን ዘጋሁበት።

ሳይቆይ ደግሞ ሸራውን ተሸክሞ መጣ። ነፋስ ቀዶበታል። «ሸራ አልሰፋም፤ መርፌ ይሰብርብኛል» አልኩት። ሰፋሁለት። ግማሹ ቤት ውስጥ፣ ግማሹ መንገድ ላይ፣ እሱ ክብደቱን በትከሻው ተሸክሞ ቀስ እያለ ወደ ስፌት መኪናዬ እየገፋልኝ። መርፌውም አልቀረም፣ ተሰበረ። አንዴ ሸራው ተንሸራቶ ከላዩ ላይ ወደቀና ከሥር ሆኖ «እመቤቴ፣ መውጫው በየት ነው?» አለ። ወንበር ይዤ ሳቅኩ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሄደ ወዲህ እዚህ ቤት ውስጥ እንደዚያ የሳቀ ሰው የለም። ይህን የምነግርሽ የሸራውን ትልቅነት እንድትረጂ ነው።

ወሩ ሊያልቅ ተቃረበ። ራዲዮ መጥታ «ደስ ይበልሽ፤ ከከተማ ውጭ ክፍል አግኝቷል፣ ሻንጣውን አዘጋጅቷል» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የዚያን ቀን ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ።

አየሽ፣ ችግሬ ይህ ነበር። ስብሰባ ላይ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኼ አሁን «ይቆይ» ብል ማን ይሰማኛል? መስኮቴንም እፈልገዋለሁ። መኪናው መነሳት አለበት። ሰውየው ግን ይሂድ ማለት አልሆነልኝም። ሸራ ሰፍተሽለት ሰው ማባረር ደስ አይልም።

ከዚያ የአናጢው ግቢ ትዝ አለኝ። የመንገዳችን መጨረሻ ላይ ያለው፣ ድሮ ጣውላ ይከመርበት የነበረው፣ አሁን ከውሻው በቀር ባዶውን የተቀመጠው። አናጢው ገና ሳልጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«አይገባም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ አይታጠፍም።»

«ከገባስ?»

«ከገባ ይግባ፤ ለኔም ጎረቤት ነው። እነዚህን የበር ምሰሶዎች ግን በእጄ ጠርቤ ነው ያቆምኳቸው። አንዱን ከነካ እዚያው ይመለሳል፤ አስታራቂ እንዳትልኪብኝ።»

ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። በሩን ለካሁ፣ መንገዱን ለካሁ፣ የመኪናውን ወገብ ለካሁ። ሹፌሩ ጎማው ሥር አጎንብሼ አገኘኝ።

«ምን ሊሰፉለት ነው?»

«ኮት» አልኩት።

ቤት ገብቼ የመኪናውን ቅርጽ ልክ እንደ ልብስ ከወረቀት ቆርጬ አወጣሁት። ጋቢናውን ለብቻ፣ ተሳቢውን ለብቻ፣ መጋጠሚያው ላይ ስፒል ሰካሁ። መንገዱንና በሩን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። ከዚያ ስገፋ ስመልስ ዋልኩ። በፊቱ በኩል እምቢ አለኝ። በኋላው ግን ተጠማዘዘና ገባ። ጠባብ ቀሚስ እንደ ማጥለቅ ነው፤ ቢሆንም ገባ። ጠረጴዛው ጋ ቆሜ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

በወሩ የመጨረሻ እሁድ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። መምህሩ እንኳ ካፖርታቸውን ደርበው መጡ። ሹፌሩ በኋላ ማርሽ መጣ፣ ተሳቢው ወረቀቱ ላይ እንዳየሁት ተጠማዘዘ፣ ጅራቱ በሩን አለፈ። ኩራቴን ብታዪ! የጋቢናው ተራ ሲደርስ አናጢው «ስፖኪዮው!» ብሎ ጮኸ።

ለካ ገላውን ለክቼ የጎን መስታወቶቹን ትቻቸዋለሁ። ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ ተዘርግተው ምሰሶዎቹን ሊገጩ ምንም አልቀራቸው። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣና፣

«እመቤቴ፣ እጅጌውን ረስተውታል!»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ምሰሶው ከተነካ አናጢው አይመለስም፤ አናጢው እምቢ ካለ ሻንጣው ማታውኑ ይጫናል።

«ይታጠፋሉ» አለ ሹፌሩ ወርዶ እያጠፋቸው። «ካጠፍኳቸው ግን ኋላዬን አላይም።»

መንገር ተጀመረ። መምህሩ «ወደ ቀኝ!» ራዲዮ «ኧረ ወደ ግራ!» አናጢው «ቁም!» ውሻው የራሱን። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«አንድ ሰው ብቻ ይንገረኝ። እሷ ትንገረኝ» አለ።

ግቢው ውስጥ ገብቼ ከኋላው ቆምኩ። «ና» አልኩ። መጣ። «ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ግድግዳው... ቁም! አሁን ቀስ ብለህ ና።» ልጄ፣ ያ ሁሉ ብረት በኔ አፍ ሲሄድና ሲቆም! በጋቢናውና በምሰሶው መካከል መዳፍ አያስገባም። ምንም አያይም፤ ስጠራው ይመጣል፣ ሳቆመው ይቆማል። ገባ። አናጢው ሁለቱንም ምሰሶ ከላይ እስከ ታች በእጁ ዳሰሰ። አንድ ጭረት አጣ። ሰፈሩ አጨበጨበ፤ መምህሩ ኮፍያቸውን አነሱልኝ።

ራዲዮ ጆሮዬ ሥር መጥታ «'እርስዎ' ቀረ እንዴ?» አለችኝ።

«መኪና እየመጣብኝ ማን ጊዜ አለው?» አልኳት። አላመነችኝም።

አሁን መንገዳችን ሰው መምሰል ጀምሯል። የቆሻሻ መኪናው ገብቶ ሰው ሁሉ እንደ እንግዳ ተቀበለው። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ የኔን ግድግዳ ጎል አድርገውታል፣ ይሁን። አናጢው ሹፌሩን እንደ ወንድሙ ይዞታል፤ ማምሻውን ሻይ ይጠጣሉ። ሹፌሩ ከአልጋው ሆኖ መኪናውን ማየት ቀርቶበታል። «እንቅልፍስ?» ብለው «ለጥ ነው» አለኝ። «ታዲያ ለምን መኪናው አጠገብ ክፍል አትከራይም?» ብለው ጉሮሮውን ጠራረገና ስለ አየሩ ማውራት ጀመረ።

እንግዲህ መልሴ፦ አልመጣም። እንዳይከፋሽ። የተማሪዎች የደንብ ልብስ ሥራ ተቆልሎብኛል፣ ደንበኞቼም አይለቁኝም። ዓይኔ ነው ብለሽ አትጨነቂ፤ ዓይኔ አልነበረም፣ ብርሃን ነው ያጣሁት። ይልቅ አንቺ ፈቃድ ስታገኚ ነይ። ቤቱን እንደተውሽው ታገኚዋለሽ፤ መስኮቱ አጠገብ ሁለተኛ ወንበር ብታዪ የደንበኛ ነው። የአባትሽ ፎቶ ከቦታው አልተነቃነቀም። ፀሐይ ስለሚያገኘው አሁን የሚስቅ መሆኑ በደንብ ይታያል።

ጠዋት ጠዋት ደህና ደራርቢ፤ ያ ሳል ተመልሶ እንዳይመጣብሽ። ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ በገባሽበት ቤት ሁሉ ብርሃን አይጣሽ፤ የነካሽው ይለምልምልሽ።

ሌላም የምነግርሽ ነበረኝ፤ ግን አሁን መስኮቱ ድንገት ጨለመብኝና ፊደሉ አይታየኝም። የቆመ ሰው አለ። ከጉዞ መመለሱ ነው፤ ትከሻው መስኮቱን ይሞላዋል። ያንን የሚያህል ተሳቢ ከዚህ ያስነሳሁት ሴትዮ፣ ይኼንን «ዞር በል» ማለት አቃተኝ።

የምትወድሽ እናትሽ