ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት

ሰኞ

ኦባንግም ሊሄድ ነው።

ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ጠጋ ብሎ "እትዬ አስካለ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" ሲለኝ ገና ሳይጨርስ ገባኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የስደተኞች ካምፕ ትምህርት ቤት ቀጥሮታል። ዘንድሮ ብቻ ሦስተኛ መምህር መሆኑ ነው። መጀመሪያ የሳይንሱ ሄደ፣ ከዚያ የእንግሊዝኛው፣ አሁን ደግሞ የሂሳቡ። ካምፑን የሚረዳው የውጭ ድርጅት የሚከፍለው መንግሥት ከሚከፍለን ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። አልተቆጣሁም። ሚስቱ ልትወልድ ተቃርባለች፣ የቤቱ ክዳን ያፈሳል። ምን ያድርግ?

"መቼ ነው?" አልኩት።

"የሚመጣው ሰኞ" አለኝ መሬት መሬት እያየ።

እሱ ሲሄድ ምን እንደሚጎድልብኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ኦባንግ የአኙዋ ልጅ ነው፣ እዚሁ ፑኝዶ ተወልዶ ያደገ። ልጆቹ በአማርኛ ያልገባቸውን በቋንቋቸው ያፍታታላቸዋል። እኔ ከጎሬ መጥቼ ርእሰ መምህር እስክሆን እዚህ ኖሬ እንኳ፣ ቋንቋቸውን እሰማለሁ እንጂ ሂሳብ ላስተምርበት አልችልም።

ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ስደተኛውን ሊረዳ የመጣ ገንዘብ የአገሬውን ልጅ አስተማሪ እየወሰደ ነው። ክፋት ነው አልልም። እኛን ሊጎዳ ያሰበ የለም። ስለ እኛ ያሰበም የለም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ነገ ሄጄ አያለሁ። ቤቴ ተቀምጬ አላማርርም።

ማክሰኞ

ከምሳ በኋላ መንገዱን ተሻግሬ ወደ ካምፑ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ያምራል። ቆርቆሮው ገና ያብለጨልጫል፣ ዴስኮቹ ቀለማቸው አልተላጠም። የእኔ ልጆች ግንድ ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ነው የሚዘረጉት። ቀናሁ፣ እውነቱን ልጻፍ።

ግን ተዘግቷል! ዘበኛው "የሚማሩት ጠዋት ብቻ ነው" አለኝ። ይህ ሁሉ ክፍል ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይውላል።

የድርጅቱን የትምህርት አስተባባሪ ቢሮዋ አገኘኋት። ካረን ትባላለች፣ ፈረንጅ ናት፣ ፀሐዩ ፊቷን አቅልቶታል። ያስተረጎመልን ዴንግ የሚባል የካምፑ መምህር ነው። ራሱም ስደተኛ ነው፤ አማርኛውን ገበያ ውስጥ ነው የለመደው። ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ "በጀታችን ለስደተኞች ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ላለው አልተፈቀደልንም" አለች። አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ኳስና አንድ ካርቶን መጽሐፍ ልስጥሽ አለችኝ።

"ኳስ አልጠየቅሁም። መምህሮቼን ነው የወሰዳችሁብኝ" አልኳት።

ዴንግ መተርጎሙን ትንሽ ፈራ ተባ አለ። ከዚያ ተረጎመው። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ክፉ ሰው አይደለችም። እንዲህ ብሎ የነገራት አልነበረም እንጂ።

ስመለስ ዴንግ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። እሱንም ሆድ ብሶታል። ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች አሉት፣ ሚኒስትሪ ግን አይፈተኑም። ድርጅቱ ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ወረቀቱን ይዘው ጋምቤላ ሲሄዱ ሁለተኛ ደረጃ የሚቀበላቸው የለም። "ቲቸር፣ ልጆቹ ተምረዋል፤ ተምራችኋል የሚላቸው ግን የለም" አለኝ።

የእኔ ትምህርት ቤት እኮ የሚኒስትሪ መፈተኛ ጣቢያ ነው!

እቤት እስክደርስ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም።

ረቡዕ

የወረዳው ትምህርት ኃላፊ ኡሞድ ድሮ ተማሪዬ ነበር። ክልል ከሆንን ወዲህ ወንበሩ ላይ የአካባቢው ልጆች ተቀምጠዋል፣ ደስ ይለኛል። እሱ ግን አሁንም ስገባ ብድግ ይላል።

"ስደተኛ የእኛ ጉዳይ አይደለም ቲቸር፣ የራሱ መሥሪያ ቤት አለው" ብሎ ጀመረ።

"የግል ተፈታኝ የሚባል ነገር የለም?" አልኩት።

ሳቀ። "እርስዎ አስበውበት ነው የመጡት።" መመሪያውን አወጣና አነበበው። ደረጃውን መጨረሳቸውን አንድ ርእሰ መምህር ካረጋገጠ ይፈተናሉ። ምዝገባው ግን ዓርብ ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚውሉት የካምፑ ክፍሎች ውስጥ ልጆቼ እንዲማሩ ከድርጅቱ ጋር ከተስማማሁም እንደማይከለክል ነገረኝ።

በሩ ድረስ ሸኝቶኝ ሲያበቃ፣ "ወላጆቹስ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ባለፈው ክረምት የውሃ ፓምፑ ጋ የሆነውን ያውቃሉ።"

አውቃለሁ። የካምፑና የከተማው ወጣቶች በወረፋ ተጣልተው ድንጋይ ተወራውረዋል፣ የተፈነከተም ነበር። ይህን ሰው እንዲረሳ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

ሐሙስ

በዴንግ አስተርጓሚነት ለካረን ሐሳቤን አቀረብኩላት። እኔ የዴንግን ተማሪዎች ለሚኒስትሪ አስመዘግባለሁ። እሷ ደግሞ ክፍሎቹን ከሰዓት በኋላ ለእኔ ልጆች ትከፍታለች፣ የወሰደቻቸው ሦስት መምህራንም ከሰዓት እዚያው ያስተምሩልኛል። ደመወዛቸው አይነካ። ማንም ሰው አይፈናቀል። አዲስ ቤት አይሠራ። ያለው ይበቃናል፣ አብረን እንጠቀምበት እንጂ።

ወደደችው! ተነስታ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደደች። በኋላ ግን ፊቷ ቀዘቀዘ። ዋናው መሥሪያ ቤት መፍቀድ አለበት፣ መልስ እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

"ምዝገባው ነገ ይዘጋል። ይቸኩሉ ብለሽ ንገሪያቸው" አልኳት።

በሬዲዮ ልታናግራቸው ሄደች። እኔም ኮራ ብዬ ወጣሁ። እስከ ትናንት ለማኟ እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ እነሱም ከእኔ የሚፈልጉት አለ። እንዲህ ሲሆን ነው ሰው እኩል የሚነጋገረው።

ዓርብ

እስከ ቀትር መልስ የለም።

ዴንግ ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣ። ማንም አልጠራቸውም፣ ወሬውን ሰምተው ነው። ያላቸውን ንጹሕ ልብስ ለብሰው ማንጎው ሥር ቆሙ። የእኔዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ያይዋቸዋል። ከመካከላቸው ኛኪም የምትባል ረጅም ልጅ ወደ እኔ መጣችና በተሰባበረ አማርኛ "ቲቸር፣ እኛ ፈተና አለ?" አለችኝ።

መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። ቢሮአችሁ እሺ ሲል ኑ ልላቸው ነበር።

አልወጣልኝም። እኔን ያበሳጨኝ ምን ነበር? የእኔ ልጆች በማያውቁት የበጀት ሕግ መምህር ማጣታቸው አይደል? አሁን ይህችን ልጅ መደራደሪያ ካደረግኋት ምን ልዩነት አለኝ? ምን ትምህርት እንደተማሩ አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፣ ደብተራቸውን አየሁ፣ ዴንግ በደንብ አስተምሯቸዋል። ኦባንግ ስማቸውን ጻፈ፣ እኔ ፈረምኩ። ኡሞድ ከቢሮ ሊወጣ ሲል ደርሼበት አዲሱን የወረዳውን ማህተም አሳረፈበት።

"አሁን በምን ልትደራደሪ ነው? ያለሽን ሰጠሽ እኮ" አለኝ ኦባንግ ስንመለስ።

"ልክ ነህ" አልኩት። ሳቄ መጣ። እሱም ሳቀ።

ቅር አላለኝም። ሐሳቤ ትክክል ነው፣ ማስያዣ አያስፈልገውም። ይህን እዚህ ስጽፈው ቀላል ነው፣ ሰኞ መምህር እንደሌለኝ ግን አልረሳሁም።

ቅዳሜ

የወላጆች ስብሰባ። ብዙ ሰው መጣ።

ከሰዓት ፈረቃውን ገና አስረድቼ ሳልጨርስ ኡኬሎ ተነሳ። ጊሎ ወንዝ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ቁመተ ረጅም ሰው ነው። ልጁ አሪየት ሰባተኛ ክፍል ናት፣ ጎበዝ። "ልጄን ካምፕ አልሰድም" አለ። "ፓምፑ ጋ የተፈነከተው የወንድሜ ልጅ ነው።"

ብዙ ሰው አጉረመረመ። የካምፑ ልጆች ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው የእኛዎቹ የሚገቡት አልኩ። አልበቃቸውም። ኦባንግ ተነሳና በቋንቋቸው ተናገረ። የሰማሁትን ያህል፣ "መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ፣ መጨረሻ የምወጣውም እኔ ነኝ" ነው ያላቸው።

በዚህ መሀል የድርጅቱ ላንድክሩዘር መጣች። ካረን መኪናውን ራቅ አድርጋ አቁማ ከዴንግ ጋር በእግሯ መጣች፣ ግንድ ላይ ከሰው መሀል ተቀመጠች። ተራ ጠብቃ ተናገረች። መልሱ አልመጣም። ግን ትናንት ልጆቹን መመዝገቤን ሰምታለች። "የክፍሎቹ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። መምህራኑም ከሰዓት በኋላ ሥራ የላቸውም። መልስ እስኪመጣ ሰኞ እንጀምር" አለች።

"እምቢ ቢሉሽስ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ይቆጡኛል" አለች። ዴንግ ሲተረጉመው ሰዉ ሳቀ። ከዚያ እሷ ጠየቀች፦ መጀመሪያ ስንመጣ ምን ማድረግ ነበረብን?

እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠየቀን አልነበረም። ኡኬሎ መለሰላት። "ቤቱን ስትሠሩ እኛ ወዲህ ማዶ ቆመን እናይ ነበር። ልጆቻችንም ያዩ ነበር። ያኔ ብትጠሩን ቆርቆሮውንም አብረን እንሸከም ነበር። አሁን ልጆቹ ያ የእነሱ ነው፣ ይህ የእኛ ነው ማለት ለምደዋል።"

ደብተሯ ላይ አልጻፈችውም። አየችውና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ስብሰባው በስምምነት አለቀ። ኡኬሎ ብቻ እሺም እምቢም ሳይል ሄደ።

ሰኞ

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አሰልፌ መንገዱን አሻገርኳቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ትንንሾቹ ዴስኩን እየዳበሱ ተቀመጡ፣ ከዚያ ማን መስኮት ጋ ይቀመጥ በሚል ተጋፉ። ጠብ የሚባል ይኸው ብቻ ነበር።

አሪየት የለችም። የሰባተኛ ክፍልን ስም ስንጠራ ነው ያወቅሁት። አንድ ልጅ እንኳ ቢቀር እኮ ሌሎቹ ነገ ይቀራሉ።

ኦባንግ ክፍልፋይ ጀምሮ ሳለ በሩ ጨለም አለ። ኡኬሎ ነው። አሪየትን ከፊቱ አድርጎ ቆሟል። እሷ ሮጣ ቦታ ያዘች። እሱ ግን አልተመለሰም። ወደ ኋላ ሄደና ጉልበቱ እየተጋጨ መጨረሻው ዴስክ ውስጥ ገባ። ልጆቹ ሳቃቸውን አፈኑ። ኦባንግ እያየኝ ምን ላድርግ በሚል ትከሻውን ነቀነቀ። ቀጥል አልኩት በእጄ።

እስኪያልቅ ተቀመጠ። መጀመሪያ በመስኮት ወደ ካምፑ ነበር የሚያየው። በኋላ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሯል።

ልጆቹን ስናወጣ ዴንግ ውጭ ነበር። ኡኬሎና እሱ ተያዩ። ሰላምታ ተሰጣጡ፣ አጭር ነው፣ እጅ ለእጅ አልተጨባበጡም። ይሁን።

ካረን አመሻሽ ላይ መጥታ መልስ አለመምጣቱን ነገረችኝ። ምናልባት ከሩቅ አገር የሚላክ ሰው መጥቶ ያይ ይሆናል አለች። ይምጣ። እኔው ራሴ መንገዱን አሻግረዋለሁ። አይሆንም ካሉም ጋምቤላ የክልሉ ቢሮ ድረስ እሄዳለሁ፣ ኡሞድም አብሮኝ እንደሚመጣ ቃል ገብቷል። የሚሆን ይመስለኛል። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ኡኬሎ ሊሄድ ሲል "ነገም እመጣለሁ" ብሎኛል። ልጁን ሊጠብቅ ነው ወይስ ክፍልፋዩ ጥሞት ነው፣ አልጠየቅሁትም።