በነጠላ ጫማ የተመረመረው ኮርኒስ

ለሚናሳዋ ከተማ የሕዝብ ሕንፃዎች መምሪያ ኃላፊ
ለክቡር አቶ ሃታኬናካ ዩጂ

ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና ከራስዎ በላይ ጠንካራ ኮርኒስ እመኛለሁ። ብዕር ያነሣሁት የሠፈራችን አዳራሽ መብራቶች ከኮርኒሱ በላይ ካለው ኮንክሪት ጋር እንዲታሰሩ ለመጠየቅ ነው፤ ሴፕቴምበር 1 ቀን ለዓመታዊው የመሬት መንቀጥቀጥ ልምምድ መቶ አርባ ሰዎች፣ አብዛኞቻችን አረጋውያን፣ ከመብራቶቹ ሥር እንቀመጣለንና።

አንደኛ፦ ባለፈው ወር መሬት ስትንቀጠቀጥ አንዱ መብራት ከኮርኒሱ ተነቅሎ፣ በኤሌክትሪክ ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሎ፣ ከባለቤቴ ከቶሞኤ ራስ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። በሦስተኛው ቀን መርማሪ ስለላኩልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ መርማሪው አቶ ኒሙራ እንደ ደንባችን ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው የአዳራሹን ነጠላ ጫማ አደረጉ። በነጠላ ጫማ መሰላል መውጣት በመመሪያዎ የተከለከለ በመሆኑም፣ ቀና ብለው ለአምስት ደቂቃ ያህል ኮርኒሱን ተመለከቱ። ጎረቤቴ ሰኪያ፣ ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ “ታዲያ በካልሲ አትወጣም ወንድሜ? መብራቱ እንደሆነ እግርህን አያይም” ቢላቸው፣ “አባባ፣ መመሪያው ስለ ካልሲ ምንም አይልም፤ ከሥራ ሊያስባርሩኝ ነው እንዴ?” ብለው ወረቀታቸውን ፈርመው ሄዱ።

ሰኪያ ግን በካልሲው ወጣ። አንዱን የኮርኒስ ሰሌዳ ገፍቶ ባትሪ ሲያበራ፣ መብራቶቹ በቀጭኑ የኮርኒስ ብረት ላይ እንዲሁ ተቀምጠው፣ ገመዶቹም በሰሌዳዎቹ ላይ ተዘርረው አገኛቸው። ከኮንክሪቱ የሚይዛቸው አንድ ማንጠልጠያ እንኳ የለም፤ ኮርኒሱ ሲወዛወዝ ሁሉም አብሮት ይወርዳል።

ሦስተኛ፦ መምሪያዎ የላከልን ደብዳቤ “ተመርምሮ ደኅንነቱ ተረጋግጧል” ይላል። አርባ ዓመት ሰዋስው ያስተማርሁ ሰው ነኝና፣ አድራጊው ያልተጠቀሰበት ዐረፍተ ነገር ማንን ከተጠያቂነት ለማዳን እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ቶሞኤ ደብዳቤውን ካነበበች ወዲህ አዳራሹን አልረግጥም ብላለች፤ በሰማንያ ዓመቷ እግሯን የምታፍታታበት ሌላ ቦታ ግን የላትም።

እንግዲህ መብራቶቹን የሚያስረው ሠራተኛ የሚመጣበትን ቀንና ለደኅንነታችን የሚጠየቀውን ሰው ስም፣ እስከ ኦገስት 20 ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ለአቶ ኒሙራ አንገት ፈጣን ማገገምን፣ ለክቡርነትዎም የማይናወጥ ወንበርን በመመኘት፣
ኩራሞቺ ሱኔኦ፣ ጡረተኛ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በልምምዱ ቀን የክቡርነትዎ የክብር ወንበር እንደ ወትሮው ከፊት ረድፍ መካከል ተዘጋጅቷል። ሰኪያ እንደሚለው ከበላዩ ያለው መብራት የተደገፈው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ወንበሩ እንዲነሣልዎ ከፈለጉ፣ ይህንንም እስከ ኦገስት 20 ቀን በጽሑፍ ያሳውቁን።