ሥራ የማይረጋለት ባድሩ

ሚያዝያ 8
ሙቀት። የአምስተኛ ክፍልን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ግማሾቹ ክፍልፋይ አልገባቸውም። የኔ ጥፋት ይሆን?
አባ የአቡካዶ ችግኝ ይዞ ከሐይቅ ከተማ ለውጫሌ ገበያ መጥቶ ነበር። ሲመለስ እኔ ጋ ጎራ አለ። ሽሮዬን ቀመሰና «ጨው የት ሄደ?» አለ። ግን ጨረሰው። የኪራይ ክፍሌን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ የላላውን የመስኮት ማጠፊያ በቢላዋ አጠበቀ፣ ሚኒባስ እንዳያመልጠው ሮጠ። ሽማግሌ ሆኖም ይሮጣል።
ነገ የወላጆች ስብሰባ አለ።

ሚያዝያ 16
ሙዘይን ደወለ። ወንድሜ በማለዳ ደውሎ አያውቅም። «ሀኒያ፣ አባ...» አለ።
ሱብሒ ሰግዶ ጋደም አለ አሉ። ሊቀሰቅሱት ሲሄዱ አልተነሳም።
ሐይቅ ስደርስ ከፍነውታል። ወንዶቹ ተሸክመውት ሄዱ። እኛ ሴቶቹ ግቢ ቀረን። እጄ ላይ የፈተና ማረሚያው ቀይ ቀለም አለ። ታጠብኩ። አልለቀቀም።

ሚያዝያ 18
ድንኳኑ ሙሉ ነው። ሴቶቹ ያዩኛል። አላለቀስኩም። ለምን አልመጣልኝም? ትራስ ስደርብ፣ ውሃ ሳቀርብ ዋልኩ። ጸዳለ ከትምህርት ቤት ሌሎቹን አስተማሪዎች ይዛ መጣች። አቀፈችኝ። የሻሿን ሽታ ብቻ አስታውሳለሁ።
ከወልዲያ የመጡ ሽማግሌ «እንደሱ ያለ የጭነት መኪና ሹፌር አላየሁም» አሉ። የውጫሌ ሴቶች ደግሞ «የምን ሹፌር? ልብስ ሰፊ ነው እንጂ! የሰርግ ቀሚሴን የሰፋው ማን ሆነና?» የሐይቅ ትምህርት ቤት ሰዎች ዘበኛችን አሉ። በወጣትነቱ አብሮት አሳ ያጠምድ የነበረው ጋሽ አምሳሉ አንገቱ ላይ የማዕተቡን ክር እየነካካ ሲሰማ ቆየና፣
«ሁሉንም ነበር። ባድሩ ሥራ አይረጋለትም» አለ።
እማ ከጓዳ ሆና፦ «ቤቱስ? ቤቱ አልረጋለትም?»
ጋሽ አምሳሉ ተነስቶ ወደ ጓዳው በር ሄደ። «ረግቶለታል፣ ፈዲላ። ይቅር በይኝ» አላት።

ሚያዝያ 25
ሰው ቀነሰ። ጋሽ አምሳሉ ግን በየቀኑ ይመጣል። ዛሬ እንዲያወራኝ ጠየቅኩት። ስሰማው የሌላ ሰው አባት መሰለኝ።
ማዕበል ጀልባቸውን ገልብጦት ነበር። እማ ሙዘይንን አርግዛለች። «ሐይቁን ተው» ብላ ለመነችው። ተወ። ውጫሌ የእናቷ ቤት ስለነበር እዚያ ገብቶ ስፌት ተማረ። ልጆች ስንጨመር ስፌቱ አልበቃ አለ። የመኪና ረዳት፣ ኋላም ሹፌር ሆነ።
«ሹፌርነቱን ለምን እንደተወው ታውቂያለሽ?»
አላውቅም አልኩት።
«ባንቺ ነዋ። ብዙ ቆይቶ ከመንገድ ሲገባ፣ ትንሽ ልጅ ነሽ፣ ሸሽተሽ እናትሽ ቀሚስ ውስጥ ገባሽ። 'እማ፣ ሰውየው መጣ!' አልሽ። በነጋታው የመኪናውን ቁልፍ ለባለቤቱ መለሰ። ከዚያ ነው እዚህ ሐይቅ ዘበኛ የሆነው። እናንተ የምትማሩበት ትምህርት ቤት በር ላይ።»
ያ በር ትዝ ይለኛል። እዚያ በመቆሙ አፍርበት ነበር? አይመስለኝም። ልብ ብዬም አላየሁት። ሁልጊዜ አለ። በቃ።
አሁንም እንባ የለም። ደረቅ።

ግንቦት 29
አረፋ። በጉን ሙዘይን አረደ። ሥጋው ምንም ምንም አይልም።

ሰኔ 24
ትምህርት ተዘጋ። ሐይቅ ነኝ።
ሙዘይን «እማ የኢዳ ሐዘኗን ስትጨርስ ኮምቦልቻ እወስዳታለሁ» ይላል። ፎቅ ቤት ነው የተከራየው። እማ «ፎቅ ላይ ምን እሠራለሁ?» አለችው። ተኳረፉ። ብቻዋንስ እንዴት ትሁን? ጉልበቷ ያማታል። ማስተማሩን ልተወው? እዚሁ አንድ ነገር አይጠፋም...

ሐምሌ 7
ነገርኳት።
ኢዳ ላይ ስለሆነች፣ አራት ወር ከአስር ቀኑ እስኪያልፍ ከግቢ አትወጣም። ከጓሮ ግን ማን ይከለክላታል? ዝናብ ሲጠፋ የአባን ችግኞች የምታጠጣው እሷ ነች። አጠገቧ ቆሜ «ሥራዬን ልተው ነው» አልኳት።
ማጠጫውን አስቀመጠች። «ለማን ብለሽ?»
«ላንቺ ነዋ። አባስ ለኛ ብሎ ስንቱን ትቶ የለ?»
«ሲተው የት ነበርሽና! ጀልባውን የተወ ጊዜ ስንት ወር እንዳኮረፈኝ ማን ነገረሽ? ከውጫሌ ወደዚህ ሲመጣ እንኳ ሐይቁን ላለማየት ዞሮ በላይ በኩል ይሄድ ነበር። ቁልፉን የመለሰ ቀን እራት አልበላም። አሏህ ይርሀመው፣ ደግ ነበር። ግን ሰው ስላንቺ ብሎ የሚወደውን ሲተው፣ ዕድሜ ልክሽን ፊቱን ታያለሽ። ዛሬ ከፋው ይሆን እያልሽ። እኔ እንዲያ ኖሬአለሁ። አሁን ደግሞ ያንቺን ፊት ልይ?»
አባ ይከፋው ነበር? አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። ከኛ ደብቆት... ወይስ እኛ አላየነው?
«አብሽሪ» አለችኝ፤ ማጠጫውን መልሳ አነሳች።

ሐምሌ 19
ዝናብ። ችግኞቹ አድገዋል። እማ ከአንዱ ጋር ስታወራ ሰማኋት። ሙዘይን አልደወለም።

ነሐሴ 24
ኢዳዋ አበቃ። ታጠበች፣ ልብስ ቀየረች። «ባጃጅ ጥሪልኝ» አለችኝ። ዘመድ ልትጠይቅ የምትሄድ መስሎኝ... ችግኞቹን ጫነች! አስፋልቱ ዳር፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት አለፍ ብሎ ደረደረቻቸው። ገበያ የሚወጣው አባ ነበር። እሷ ዋጋ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ ድምጿ አልወጣም። የሰፈሩ ሰው ያልፋል፣ ያያታል፣ ሰላም ይላታል፤ አይገዛም። ከሰዓት አንዲት ከአርዲቦ የመጣች ሴት ሁለት አቡካዶ ወሰደች።
ማታ ሙዘይን ደውሎ ጮኸ። «እናቴ አስፋልት ላይ ተቀመጠች?» እማ ስልኩን ከኔ ቀማች። «ልጄ፣ መጥተህ ጥላ ሥራልኝ» አለችው።

መስከረም 27
ውጫሌ። አዲሶቹ ተማሪዎች ጫጫታቸው ለጉድ ነው።
በዕረፍት ሰዓት ለእማ ደወልኩ። ጉልበትሽ እንዴት ነው ልላት። «ሀኒያ፣ ገዢ ቆሞብኛል፣ ኋላ ደውዪ!» አለችና ጠረቀመችብኝ። እንዲያ ስትጣደፍ፣ ሚኒባስ እንዳያመልጠው የሚሮጠውን አባን መሰለችኝ።
ስልኩን ይዤ የመምህራን ክፍል መሐል ቆምኩ። ሳቄ መጣ። ሳቁ አልቆም አለ፤ ከዚያ ሳቅ መሆኑ ቀረ።
ጸዳለ ደንግጣ ተነሳች። «ምነው? ምን ሆንሽ?»
«አባቴ ሞቷል» አልኳት።
ታውቃለች እኮ። ለቅሶ መጥታለች። እኔ ግን በአፌ ስለው ዛሬ ገና ነው።
«አዎ» አለች፤ ወንበር ሳበችልኝ።