ለልጆቻችን የመረጥናት ጠመንጃ

አካሌ፣ በዚያ በኩል አገሩ እንዴት ነው? እኛ ጋ ከተለያየን ወዲህ ሰሊጡ ዳግመኛ ታጭዶ ነዶው ተደጋግፎ ቆሟል። ከሽንፋ ወንዝ የሚነሳው ጉም ጧት ጧት ደጃችን ድረስ ይመጣል። አንዳንድ ቀን አንተ የመጣህ እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ።

ይህን የምጽፍልህ በመሠረተ ትምህርት በለመድኩት ፊደል ነው። አንተ እያለህ የራሴን ስም ብቻ ነበር የምጽፈው። አሁን ያንተንም እጽፋለሁ።

ቤቱን በአዲስ ሣር ከደንነው። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ልጅህ ሞላ ቁመቱ አንተን አለፈ። የሴት ልጅህ የእናኑ ዓይን ግን ያንተው ነው፤ ስትስቅ ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል።

ስለ ታናሽ ወንድምህ ስለ ካሴ ልንገርህ። ለመጀመሪያ ጊዜ አደን ይዘኸው በወጣህበት ዕለት፣ ቦዩን ሲሻገር ያ የተዋሰው አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ከትከሻው ተንሸራቶ ሰደፉ ድንጋይ መታ። ቃታውን የሚቆልፈው ብረት ተበልቶ ኖሮ ጥይቱ ወጥቶ አንተን አገኘህ። ተሸክመው ሲያመጡህ አንድ ቃል ብቻ ነበር ያወጣኸው፤ «ልጁን እንዳትነኩት» አልክ። ሽማግሌዎቹም ተቀምጠው የሚመለስ ደም እንደሌለ ተናገሩ። ካሴ ግን ከራሱ ጋር አልታረቀም። እርሻችንን ያርሳል፣ አዝመራችንን ይሰበስባል፣ ምሳውን ግን ከደጅ ቁጭ ብሎ ይበላ ነበር። እስከ ዘንድሮ ድረስ ጠመንጃ አልነካም፤ ከቤታችንም አልገባም።

ዘንድሮ ልጆቹ ድኩላ እናድናለን ብለው ተነሱ። ሞላ ያንተን ረጅሙን ምንሽር ከግድግዳ አውርዶ ሲወለውል አገኘሁት። ብከለክላቸው ተደብቀው እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ ያንተ ልጆች አይደሉ? ያንተ መሣሪያ ደግሞ ለጀማሪ የሚሆን አይደለም፤ ይከብዳል፣ ሲተኮስም ትከሻ ይሰብራል። አንድ ዘመዳችን ክላሽ ላውሳቸው አለኝ። አመስግኜ መለስኩትና ወደ ካሴ ሄድኩ።

«አንተ ምረጥላቸው» አልኩት።

ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አሳየኝ። «እታለም፣ በኔ እጅ?»

«ባንተ እጅ። ካንተ በላይ የሚፈራላቸው የለም።»

ከልጆቹ ጋር ወይፈናችንን እየነዳን መተማ ዮሐንስ ወረድን። ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ዕቃ የሚያመላልሰው ነጋዴ ጠመንጃዎቹን ሁሉ በዐረብኛ «ተማም»፣ ምንም አይጎድላቸውም እያለ ያወድሳል። ካሴ አንዱንም አላመነውም። እያንዳንዱን ከፍቶ ጥይት አለመጉረሱን በጣቱ ዳሰሰ፤ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አድርጎ ውስጡን አየ። ከዚያ ባዶውን አቀባብሎ ቆለፈና ሰደፉን መሬት ላይ መታው። መቆለፊያው ሳይዝ ቀርቶ ቀጭ ያለውን ሁሉ ወደ ጎን አስቀመጠው። በመጨረሻ አንዲት አጭር ቀላል ጠመንጃ ቀረች። ስሟን ነጋዴውም አያውቀውም። ቢመታት ቢመታት ዝም አለች። የምትጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ሞላ ይህን ሲሰማ ፊቱን አጠቆረ። ካሴ ግን ብዙ ጥይት ያለው ጀማሪ የመጀመሪያዋን አያስብላትም ብሎ አስረዳው። እናኑ ደገፍ ስታደርጋት ሰደፏ ከትከሻዋ ልክ ገጠመ፤ ጣቷም ሳትንጠራራ ከቃታው ደረሰ። ወይፈኑን ሰጥተን ይዘናት ተመለስን። የገበሬ ማኅበሩም መዘገባት።

ካሴ ጥይት ቶሎ አልሰጣቸውም። ባዶዋን ተሸክመው ቦይ ሲሻገሩ፣ ሲያጎነብሱ፣ ሲቀባበሏት ሰነበቱ። አፈሙዙ ወደ ሰው ዘወር ካለ የዚያ ቀን ትምህርት ያበቃል። ከድኩላው አስቀድማችሁ ከኋላው ያለውን እዩ ይላቸው ነበር።

የነቢያት ጾም ሳይገባ አንድ ጧት ወጡ። እኔም ነጠላዬን ተከናንቤ ተከተልኳቸው። ወንዙ ዳር ጉሙ ከመሬት ሳይለቅ ተኝቷል። ዛፎቹ እግር የሌላቸው ይመስላሉ፤ የረገጥኩት መሬት ራሱ የሌላ ሰው ሕልም መሰለኝ። ከዚያ ነጩ ውስጥ ድኩላ ብቅ አለ። ጎኑ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች እንደ ጤዛ ያበራሉ። ወደ ገዛ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ረጋ ብሎ ወደ ውኃው ወረደ።

እናኑ ጠመንጃዋን በወደቀ ግንድ ላይ አስደግፋ አነጣጠረች። መቆለፊያውን ስታላቅቅ ሰማሁ። ከዚያ መልሳ ቆለፈችው፤ አፈሙዙንም ወደ ሰማይ አነሳች። ሞላ ከንፈሩን ነከሰ፤ እኔም አልገባኝም።

ጉሙ ቀስ ብሎ ሲገለጥ ከድኩላው ጀርባ፣ ከማዶው ዳር፣ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ይታጠባል። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ ሠራተኛ ነው። ድኩላው ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ሰውየው ቀና ሲል አይቶን በጎጃም አነጋገሩ «እንደምን አደራችሁ! ጉሙ ሰው አያሳይም» አለን። ፈጣሪውን አመስግኖ፣ ማጭዱን አንስቶ ሄደ። ምንም አላወቀም።

እናኑን ሰውየውን አይተሽው ነበር ወይ ብላት አላየሁትም አለች፤ «ከኋላው ያለውን ማየት ስላቃተኝ ነው» አለችኝ።

ካሴ ግንዱ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። ሞላ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ትከሻውን ያዘው። ባዶ እጃችንን ተመለስን። በሩ ላይ ስንደርስ ካሴ ቆመ። እናኑ እጁን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው። መደቡ ላይ ተቀምጦ ምስር ወጥ አብሮን በላ።

ድኩላውን በሌላ ቀን፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ሞላ በአንዷ ጥይት ጣለው። አንዱን ታፋ ለአጫጆቹ ሰፈር ላክን። ለምን እንደላክንላቸው አልነገርናቸውም።

አካሌ፣ ሙት ዓመትህ እየደረሰ ነው። እስካሁን ሳስብህ የሚታየኝ ደም የነካው ሸማህ ነበር። ከእንግዲህ ግን በሌላ ቀንህ ነው የማስታውስህ፤ ልታየኝ ወንዙን ስትሻገር ውኃ ጫማህን ወስዶብህ፣ እስከ ወገብህ ርሰህ እናቴ ደጅ ቆመህ የሳቅህ ዕለት። እኔም ከበሩ ጀርባ ሆኜ ስቄ ነበር፤ አልነገርኩህም። ያን ሳቅህን እስክንገናኝ ድረስ እኔ እጠብቅልሃለሁ።