ባፑን ያስወጣው ነፋስ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለታክትባ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ እህት? የዴራዱን ብርድ ጉልበትሽን ለቀቅ አደረገልሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ታቃስቻለሽ? ሻለቃው ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆትሽ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል። ቤቱ ሠርገኛ እንደሄደበት ዳስ ጭር ብሏል።

ስለ ወንድማችን ስለ ጋሼ ሐሚር ጠይቀሽኝ ነበር። ከአባታችን የወረሳት ትንሿ ግዛታችን ለአዲሱ መንግሥት ከተላለፈች ወዲህ፣ ያ ሁሉ ባለጉዳይ ይርመሰመስበት የነበረው በረንዳ ውሻ እንኳ አይተኛበትም። በድርቁ ጊዜ አስተዳዳሪ ሆኖ ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ እህል ሲያከፋፍል እንቅልፍ ያልነበረው ሰው፣ አሁን ጠዋት ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ መንገድ መንገዱን ሲያይ ይውላል። ባለፈው ወር ቦምቤይ ላይ ትልቅ ሹመት መጣለት። "ኬሳር፣ እዚህ የሚፈልገኝ የለም። ከዲዋሊ በዓል በኋላ በየዓመቱ ለምናደርገው የክሪኬት ግጥሚያ የከተማው ልጆች ካልመጡ፣ ቤቱን ዘግቼ እሄዳለሁ። አንቺም ወደ ባልሽ ዘመዶች ትመለሻለሽ" አለኝ። ባሌ ከሞተ በኋላ እነሱ ቤት እንዴት እንደኖርኩ አንቺ ታውቂያለሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹ እንዲመጡ ስጸልይ ሰነበትኩ።

መጡልሽ! የቤታችን ሴት ወንዶች ፊት አትወጣምና፣ እኔም እንደ ድሮው ከመስኮቱ መከለያ ኋላ ሆኜ አየሁ። የግጥሚያውን ልማድ አትረሺውም መቼም። ጋሼ ሲመታ ኳሱ ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች ቢጥላቸውና በሕጉ መውጣት ቢገባውም፣ ዳኛው ሽማግሌው ሙሳሚያ "ነፋስ ነው፣ ባፑ ጌታዬ!" ይሉና መልሰው ይተክሏቸዋል። በአባታችንም ጊዜ እንዲሁ ነበር።

ዘንድሮ የወረወረው የአናጺው ልጅ ናቱ ነው። ገና በመጀመሪያው ኳስ መካከለኛዋ እንጨት ተነቅላ ወደቀች። ሙሳሚያም "ነፋስ ነው!" ብለው ሊተክሉ ጎንበስ ሲሉ፣ ናቱ "አባባ፣ ነፋሱማ እኔ ነኝ! ባፑ ይውጡልንና ሌላው ይምታ!" አይልም? ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን በቃ፣ ዕቃዬን ልሸክፍ አልኩ። ጋሼ የመምቻ ዱላውን በብብቱ ይዞ ከሜዳው ወጣ።

ቤት ሲገባ ፊቱን ማየት ፈርቼ አንገቴን ደፍቼ አሬራ አቀረብኩለት። እሱ ግን እንባው እስኪወርድ ይስቃል! "ኬሳር፣ ይህን ሁሉ ዓመት መምታት የምችል መስሎኝ ነበር፤ ለካ አልችልበትም! ያ ልጅ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ነገ ማታ ይምጡ፣ አያያዝዎን አስተካክልልዎታለሁ' አለኝ።" በማግስቱ የቦምቤዩን ሹመት አልፈልግም ብሎ ጻፈ።

እናም ቤቱ አልተዘጋም፤ ደስ ይበልሽ። እኔም የትም አልሄድም። ግን ታክት፣ አሁን ማታ ማታ ሜዳ ነው። ከልጆቹ ጋር የተቆላ ኦቾሎኒ ሲበላ አምሽቶ፣ ጠግቦ ይገባል። እኔ የማሽላ ቂጣውን እንደ ልማዴ ለሁለት ሰው ጋግሬ፣ የሱን ከድኜ፣ የኔን ከመስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ከሜዳው ሳቃቸው ይሰማኛል። ደስ ይለኛል፤ ደግሞም ሆድ ይብሰኛል። ሻለቃው ከፈቀዱ፣ በዓሉ ቢያልፍም ለበጋው ዕረፍት ከሴቶቹ ልጆችሽ አንዷን ላኪልኝ።

ሻለቃውን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ ያን ቀበጥ ታናሽ ወንድሟን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። አንቺም ጉልበትሽን በሰናፍጭ ዘይት ማሸት አትርሺ። ሙሳሚያ ሰላም ብለውሻል፤ አሁንም ነፋስ ነበር ይላሉ። ጋሼም ሰላም ይልሽ ነበር፤ ገና ከሜዳ አልገባም።

እህትሽ ኬሳርባ
ቫዳልገድ፣ ካቲያዋር
ኅዳር 1950 እ.ኤ.አ.