ሦስት ጊዜ ስለተለካ አንድ ትከሻ

ለተከበሩ አቶ ሙላቴ ትእዛዝ
የላይ ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ደብረ ታቦር

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ እርስዎንም ቤተሰብዎንም የጉና ብርድ ሳይነካችሁ፣ እድራችን ሐዘን ሳይበዛበት፣ የማኅተማችሁም ቀለም ሳይደርቅ እንደምን ከረማችሁ? እኔ፣ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን በጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ ላይ «ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ» ተብዬ የተጠቀስኩት ጥሩወርቅ ባንተአምላክ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስሜ በመዝገባችሁ ላይ ለሃያ ሁለት ዓመት ተጽፎ ሳለ በሙያዬና በሐዘኔ ብቻ መጠራቴ፣ የሚያውቁኝ ሰዎች ማን እንደተወቀሰ እንዳይጠራጠሩ ታስቦ መሆኑን ስለተረዳሁ አመሰግናለሁ። ማስጠንቀቂያው በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሕዝብ ስለተለጠፈም፣ ይህ መልሴ ከጎኑ እንዲለጠፍልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የተከሰስኩባቸው ጥፋቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ በሥራ ቦታ ከወንድ ደንበኛ ጋር እስከ ማዶ በሚሰማ ድምፅ መሳቅ፤ ሁለተኛ፣ የአንድን ሰው ትከሻ ሦስት ጊዜ መለካት፤ ሦስተኛ፣ በጾመ ነቢያት ኩል መኳል። ባለቤቴ አዳነ ካረፈ አምስት ዓመቱ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ማንም እንዲህ አተኩሮ አይቶኝ ስለማያውቅ፣ ኮሚቴው ላደረገልኝ ክትትል ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛ፦ ነገሩ የጀመረው ከትከሻው ስለሆነ ከዚያ ልነሣ። ባለፈው ኅዳር መባቻ አቶ ዳኛቸው ገሰሰ የሚባሉ፣ በየቀበሌውና በየገበያው እየዞሩ በግና ከብት የሚከትቡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ጉና ላይ አውራ በግ በቀንዱ የቀደደባቸውን ካፖርት ይዘው ወደ ሱቄ ገቡ። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው፣ ከሚስታቸው ከተለያዩም ዘጠኝ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። «እንደምን አደሩ?» አሉኝ። እኔም ከአዳነ ወዲያ ወንድን ከሥራ ውጭ ማናገር የረሳሁ ሴት፣ «ለማክሰኞ ይደርሳል» ብዬ መለስኩላቸው። ክቡር ሊቀመንበር፣ ማሽኮርመም ማለት ይህ ከሆነ በእውነት ጥፋተኛ ነኝ።

ሰውየው ከወጡ በኋላ ከማፈሬ የተነሣ፣ ደንበኞች ልብስ በሚሞክሩበት መስታወት ፊት ቆሜ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንደምን አደሩ?» ማለትን ተለማመድኩ። ከሱቄ ማዶ ሳሙናና የሞባይል ካርድ የሚሸጡት የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አባላችን ወይዘሮ ዝናሽ፣ ለብቻዬ ስናገር አይተው «ምስኪን፣ ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያ አልተጻፈልኝም። ለካ መበለት ብታብድ ደንብ አይነካም፤ የሚነካው ስትስቅ ነው።

ቀዳዳ ለመጥቀም ትከሻ መለካት እንደማያስፈልግ ወይዘሮ ዝናሽ ማስተዋላቸውን፣ የልብስ ስፌት ተምረው ለማያውቁ ሰው ትልቅ ችሎታ ነው እላለሁ። አዎን፣ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ቀን የለካሁት እጄን የማደርግበት ስለጠፋኝ ነው። በሁለተኛው ጊዜ፣ ሰውየው ክርኑ ላይ አዲስ ቀዳዳ ይዘው ሲመጡ፣ ሜትሩ አንገቴ ላይ ስለነበረ ነው። ሦስተኛውን የለካሁት ስለፈለግሁ ነው።

በዚህ አጋጣሚ፣ የመጀመሪያዋ ባለቤትዎ ባረፉ በሰባተኛው ወር የሠርግ ሱፍዎን የሰፋሁት እኔ መሆኔን ላስታውስዎ። ግብዣው ስለበዛብዎ ወገብዎን አራት ጊዜ ለክቻለሁ። ድንኳኑንም ወንበሩንም እድሩ አቀረበ፤ እኛም እልል አልን። ያኔ ማስታወቂያ ሰሌዳው ባዶ ነበር።

አንደኛ፦ ስለ ሳቁ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በእኛ አገር ከ«አንቱ» ወደ «አንተ» ያለው መንገድ ከዚህ እስከ ባሕር ዳር ካለው ይረዝማል፤ እኔም ሳላስፈቅድ ተሻገርኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ስለካቸው፣ ከየት እንዳመጣሁት ሳላውቅ፣ «ትከሻህ ካለፈው ሰፍቷል» አልኩ። «ህ»ዋን ከአፌ ካወጣሁ በኋላ ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። እሱም (ከዚህ መስመር ጀምሮ እሱ እለዋለሁ) ዘወር ሳይል፣ «በግ ስሸከም ነው የሰፋው ወይስ አንቺ ስታዪው?» አለኝ። የሳቅሁት ያኔ ነው። የአምስት ዓመት ሳቅ ተጠራቅሞ ስለነበረ ማዶ ቢሰማ አይገርምም።

ሦስተኛው ክስ ብዙ አያከራክረንም። ኩሉን አምኛለሁ። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «ዓይንሽን ተይው፣ ልጄ፤ የሚጾመው ምላስ ነው» ብለውኛል፤ ይህን ምክር ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴው በነጻ አስተላልፋለሁ።

የደብዳቤዎ የመጨረሻ መስመር ግን አላሳቀኝም። «ካልታረመች ከእድሩ ትሰረዛለች» ይላል። እናቴ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ክረምቱን በሙሉ በአልጋ አሳልፈዋል። እድር የሌለው ሰው ሲሞትበት ምን እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ ያንን መስመር የጻፉትም ስለሚያውቁ ነው። ተሳክቶልዎታል፤ ፈራሁ። በማግሥቱ ዳኛቸው ሲመጣ ዓይኔን ከመርፌው ሳላነሣ፣ «ካፖርትዎ ደርሷል፤ ይውሰዱት» አልኩት።

«አጠፋሁ እንዴ?» አለኝ።

«ሥራ አለብኝ» አልኩ።

ካፖርቱን አጣጥፎ ክንዱ ላይ አደረገና «እንግዲያው ደህና ይሁኑ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ» ብሎ ወጣ። ከእድራችሁ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ያቺ «ይሁኑ» ከበደችኝ። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት አልመጣም። ሱቄ ጸጥ አለ፤ ወይዘሮ ዝናሽም ከማዶ ሆነው ሰላምታ ይሰጡኝ ጀመር።

እናቴ ግን ቀለቤ መቀነሱን አይተው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስቀመጡኝና አናዘዙኝ። ደብዳቤውንም አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ሬሳ ሜዳ ላይ ቀርቶ አያውቅም፤ እኔን የሚያነሣኝ አይጠፋም። በቁምሽ እየቀረሽ ያለሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ቀጥለውም «የት ነው ሰውየው?» አሉ። እንደምትቆጣ እናት ነበር የጠየቁኝ፤ እንደምትቆጣ እናትም አስነሡኝ።

ስለዚህ በጥር መጨረሻ፣ በገበያ ቀን፣ ኩሌን ተኩዬ በሚኒባስ እሱ ወደሚከትብበት ወደ ሐሙሲት ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር፤ ከጎኔ የተቀመጡት ሰው የምጸልይ መስሏቸው አሜን አሉልኝ። ዳኛቸውን ያገኘሁት ከብት ተራ ነው። የአንዲት በግ መንጋጋ ይዞ ጥርሷን ያያል፤ ዙሪያውን ገበሬዎች ከበውታል። ሳየው የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ፤ እግሬ ግን አልቆመም።

«ዳኛቸው» አልኩት።

ቀና አለ። በጓን አልለቀቀም። «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፤ በደህናዎ ነው?»

«ካፖርትህን በችኮላ ነው የሰጠሁህ፤ አንድ ነገር ሳልነግርህ።»

«ምን?»

«ሦስት ጊዜ የለካሁህ ልኩ ጠፍቶብኝ አይደለም።»

ክቡር ሊቀመንበር፣ ይህን ያልኩት በጠራራ ፀሐይ፣ ቢያንስ ሃያ ሰው በሚሰማበት ነው። ፊቴ ነደደ፤ ዓይኔን ግን ከእሱ ላይ አላነሣሁም። ዳኛቸው በጓን እንደያዘ አየኝ። የበጓ ባለቤት፣ ሸምገል ያሉ ገበሬ፣ «ኧረ ልጄ፣ በጌን ልቀቅና ለሴትዮዋ መልስላት!» አሉት። ለቀቃት።

«እንግዲያው እኔም ልናዘዝ» አለኝ። «የመጀመሪያውን ቀዳዳ የቀደደው በጉ ነው። የክርኑን የቀደድኩት እኔ ነኝ።»

ከብት ተራው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ሐሙሲት ከወይዘሮ ዝናሽ ሱቅ ሩቅ መሆኑ እንጂ ይህኛው ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። በዚያ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተመለስን፤ ወረታ እስክንደርስ ከሁለታችንም አንድ ቃል አልወጣም፤ ከወረታ በኋላ ግን የሚያስቆመን አልተገኘም።

የቀረውን ክቡርነትዎ በቦታው ስለነበሩ ያውቁታል፤ ላልነበሩት ግን ልጻፍ። የካቲት በገባ በመጀመሪያው እሑድ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት አቁመውኝ «ታርመሻል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳቅን የሚከለክለው አንቀጽ እንዲነበብልኝ ለመንኩ። ጸሐፊያችን አቶ በላይነህ መተዳደሪያ ደንቡን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጡት። በመጨረሻ አንገታቸውን ደፍተው «ስለ ሳቅ የተጻፈ የለም፤ ለቅሶ ላይ ካልሆነ በቀር» አሉ። ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት «እንግዲያው ይህችን ልጅ ለምን አቆማችኋት?» ሲሉ፣ እርስዎ ጉዳዩ «ለተጨማሪ ጥናት» እንዲቆይ ወሰኑ። ጥናቱ በመልካም ሁኔታ እየተካሄደ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ወንበሬ ላይ ስመለስ እጄን የጨበጡኝን ሴቶች ግን አልቆጠርኳቸውም፤ ብዙ ነበሩ።

ስለሆነም አንቀጽ ዘጠኝ «የአባል የትዳር ጓደኛ በቤተሰብ ቅጽ ላይ ይመዘገባል» ስለሚል፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የሚሞላ አንድ ቅጽ እንዲዘጋጅልኝ አመለክታለሁ። ድንኳኑንም ለዚያው ሳምንት ቅዳሜ ይያዙልኝ። እናቴ በበኩላቸው ለመሞት እንደማይቸኩሉ፣ ሠርጉንም ቆመው ለማየት በትር እንደገዙ እንድነግርዎ ልከውኛል።

ለመበለቶች ጠባይ በማሰብ ዕረፍት ላጡት ለእርስዎ፣ ከማዶ ሆነው ላልተኙልኝ ለኮሚቴው አባላት፣ ላነበበ ላስነበበውም ሁሉ ጤናና ሰላም እየተመኘሁ፣ ለሽማግሌ በሚገባ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ጥሩወርቅ ባንተአምላክ
የእድሩ አባል፣ ለጊዜው ያልተሰረዘች

ማስታወሻ፦ ቤትዎ የሚኖሩት ታላቅ እህትዎ ወይዘሮ ደሳለች፣ ባላቸውን ከቀበሩ ስምንት ዓመታቸው፣ በየሁለት ሳምንቱ ለጉልበታቸው ብለው ኩላቸውን ተኩለው ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ እንደሚወርዱ፣ እርስዎም የመሳፈሪያቸውን ቦታ ራስዎ እየያዙ እንደሚሸኟቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ያመሰግንዎታልም። በገዛ አፋቸው ለመንገር ድፍረት ቢያጡ «አንቺ ጻፊልኝ» ስላሉኝ እነሆ ጻፍኩ፤ ጉልበታቸው ምንም አልሆነም።