የሃዲል የሰርግ ዘፈኖች የጠፉ ዕለት

ለውድ ወንድሜ ለጃፋር፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ። እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? የእማ ዓይንስ? ዝናቡስ ጣለላችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ለማን ልንገረው ብዬ ላንተ ጻፍኩ።

የምሠራበት ቤት እመቤት የማዳም ላይላ ልጅ ሃዲል ልትዳር ነው። ለሰርጉ ብለው ያጠራቀሙት ዘፈን ሁሉ ሳሎን ባለው ኮምፒውተር ነው የሚከፈተው። ባለፈው ሐሙስ ጠረጴዛው ሥር ስጠርግ መብራት ሄደ። እዚህ ዓደን መብራት መሄዱ ብርቅ አይደለምና ሥራዬን ቀጠልኩ። ሲመለስ ግን የሃዲል ወንድም ራምዚ ኮምፒውተሩን ቢከፍተው የዘፈኖቹ ስም ተደርድሯል፣ አንዱም አይዘፍንም። የነካውን ሁሉ አልተገኘም ይለዋል።

ዞር ሲል ያየው እኔን ነው፣ መጥረጊያ ይዤ። «ምን ነቀልሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። ወላሂ ምንም አልነካሁም ብዬ ማልኩ። ስልኬን ከእጄ ነጠቀና፣ እስከ አሱር ሰላት ዘፈኖቹ ካልተመለሱ ኑቅጣ በሚሉት ኬላ ላይ ለሚፈትሹት ወታደሮች እንደሚያስረክበኝ ነገረኝ። የመኖሪያ ወረቀት እንደሌለኝ ያውቃል።

ጃፋር፣ ማድ ቤት ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ያዝኩ። ደጅ መኪና በቆመ ቁጥር መጡ እያልኩ በመስኮት አያለሁ። ተይዘው ወሬያቸው የጠፋ ያገር ልጆች ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ማዳም ላይላ ገብታ ውሃ ጠጥታ ወጣች፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ክፉ ሴት አይደለችም እኮ፤ እንዲህ ማለፏ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

የደረሰችልኝ ሃዲል ናት። ኮምፒውተር የሚጠግነውን ጎረቤታቸውን ዋኤልን ጠርታ አመጣች። ለካ ዘፈኖቹ ያሉት ከጎን በሽቦ በተሰካች ትንሽ ዲስክ ውስጥ ኖሯል። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ለዲስኳ ሌላ ስም ሰጥቷት፣ ዘፈኖቹን በድሮ ስሟ ሲፈልግ አጣቸው። ዋኤል «ማንም አልነካውም፤ ዘፈኖቹም ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም» አለና የቀድሞ ስሟን መለሰላት። ወዲያው ዑዱና ከበሮው ቤቱን ሞላው።

ራምዚ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገና ሻይ እንዳፈላ አዘዘኝ። አፈላሁ፤ ሁሉም ዘፈኑን እየሰሙ ጠጡ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ነገ ወርቅ ቢጠፋ፣ ዕቃ ቢሰበር ማን ይመሰክርልኛል? ብሬቃ ሰፈር የምትሠራው ያገራችን ልጅ ጽናት እነሱ ዘንድ ሰው እንደሚፈለግ ነግራኛለች። መንገዱ ፍተሻ ስላለበት እሱንም እፈራለሁ፤ ሃዲል ግን ከሰርጉ በፊት በራሷ መኪና ላድርስሽ ብላለች። ዱዓ አድርግልኝ።

ሚስትህን ዘሀራን ሰላም በልልኝ። ሙሂዲንን ጉንጩን ሳምልኝ። አያ ሐሰንንና ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በል። ለእማ ይህን አታንብብላት። ጉልበቷን ስመህ፣ ሰኒ ሰርግ ቤት ናት፣ ዘፈኑ በዝቶባት ነው ያልደወለችው በላት።

እህትህ ሰኒ
ኮርማክሳር፣ ዓደን
ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.